ለባስ ብሬድ ብቻ ወይስ ብሬድ ከፍሎሮ ሊደር ጋር? የፖቶማክ አጥማጆች ክርክር

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዓሣ የምታጠምዱ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ባስ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ፖቶማክ ወንዝ ዳር በተገናኘን ቁጥር የማያልቅ ክርክር አለን። ሪሉ (ክር የሚጠመጠምበት መሣሪያ) ላይ ብሬድ የሚባለውን የተጎነጎነ ክር ጠምጥመን ጫፉ ላይ የፍሎሮካርቦን ሊደር (በብሬዱና በመንጠቆው መሀል የሚገባ አጭር ክር) እንቀጥል ወይስ ብሬዱን በቀጥታ መንጠቆው ላይ እንሰር? እኔ ሊደር ይቀጠል ባይ ነኝ። ምክንያቴ ግን ሱቅ ውስጥ ከሚነገረው ይለያል። ሻጩ ዓሣው ክሩን እንዳያይ ነው ይላችኋል። ለእኔ እሱ ሁለተኛ ነው። ዋናው ነገር ብሬድ ተወጥሮ ድንጋይ ወይም የጀልባ ማቆሚያ ምሰሶ ሲፈትገው ቶሎ መቆረጡ ነው። ፍሎሮ ጠንካራና ወፍራም ስለሆነ ፍተጋን ይችላል። ደግሞ መንጠቆው ግንድ ውስጥ ከተቀረቀረ፣ ሊደራችሁ ከብሬዱ ደከም ያለ ከሆነ የሚበጠሰው ታች ነው። ረጅም ብሬድ ውሃ ውስጥ ጥላችሁ አትመጡም።

ለጀማሪዎች ትንሽ ላብራራ። ብሬድ ከፖሊኢትሊን ቀጫጭን ጭረቶች የተጎነጎነ ክር ነው፤ ዳይኒማና ስፔክትራ የሚባሉት ጭረቶች ማለት ነው። የማይለጠጥ ነው ማለት ይቻላል። 30 ፓውንድ የሚችል ብሬድ ውፍረቱ 8 ፓውንድ የሚችል ተራ ሞኖ (ያልተጎነጎነ ነጠላ የናይለን ክር) ያህላል። ለዚህ ነው ሩቅ የሚወረወረው፣ ዓሣው ትሉን ገና ሲነካካው እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁም ለዚህ ነው። ፍሎሮካርቦን ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። የጃፓኑ ኩሬሃ ኩባንያ ነው በ1971 እ.ኤ.አ. ለዓሣ ማጥመጃ ያዋለው። ውሃ አይጠጣም፣ ፀሐይ ቶሎ አያበላሸውም፣ ደግሞም ከባድ ነው። የውሃ ክብደት 1 ቢባል ብሬድ 0.97፣ ናይለን ሞኖ 1.14፣ ፍሎሮ ደግሞ 1.78 ነው። ስለዚህ ብሬድ ይንሳፈፋል፣ ፍሎሮ ይሰምጣል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ ታች ትመጣለች።

የእኔ አሠራር ይኼ ነው፦ ስፒኒንግ ሪል፣ 15 ፓውንድ ብሬድ፣ በቁመቴ ልክ 10 ፓውንድ ፍሎሮ ሊደር። የላስቲክ ትል ነው የምወረውረው። እናንተስ?

ይህን ከለጠፍኩ በኋላ መልሱ ከጠበቅሁት በላይ ጎረፈ። አንዳንዱ በጣም ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ስድብ አለበት። ዘግይታችሁ የገባችሁ እንድትከታተሉ በተራ ቁጥራቸው አሳጥሬ አስቀመጥኩት፤ የራሴንም ሐሳብ መሀል መሀል አስገብቻለሁ።

መልስ 1፦ ከአሌክሳንድሪያ ነው። በትህትና ሰላምታ ጀምሮ በሐሳቤ እንደሚስማማ ጻፈ። ብዙ ጊዜ የሚያጠምደው ከዊልሰን ድልድይ በታች ባሉ ድንጋዮችና በጀልባ ማቆሚያዎች አካባቢ ነው። ብሬድ ብቻ ሲጠቀም ክሩ ድንጋዩን በነካ ቁጥር ይሳሳበት ነበር። 12 ፓውንድ ሊደር ከቀጠለ በኋላ ያ ቀረለት። አንድ ጥሩ ምክር ጨምሯል፦ ዓሣ ካወጣችሁ በኋላ የሊደሩን የመጨረሻ ስንዝር በሁለት ጣት ሳብ አድርጋችሁ ዳብሱት፤ ከሻከረ ቁረጡና እንደገና እሰሩ። ይህን ሁሉም ሰው ቢያደርግ ግማሹ የዓሣ አመለጠኝ ታሪክ ይቀር ነበር።

መልስ 2፦ እዚህ ላይ ነገሩ ጦፈ። ይህኛው ሰው ሊደር የሚባለው ነገር የነጋዴ ፈጠራ ነው ባይ ነው። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ፖቶማክ ሻይ በወተት ይመስላል፤ በዚያ ውሃ ውስጥ ባስ ምን አይቶ ነው ክር የሚመርጠው ይላል። እሱ የሚያጠምደው ሳር ላይ የላስቲክ እንቁራሪት እየጎተተ ነው። 65 ፓውንድ ብሬድ በቀጥታ እንቁራሪቱ ላይ ያስራል። መሀል ላይ ቋጠሮ መጨመር ማለት ሆን ብሎ ደካማ ቦታ መፍጠር ነው፣ ይህን የማያውቅ ሰው ምክር ባይሰጥ ይሻላል ብሎ ጨረሰ። ለእኔ መሆኑ ነው። ችግር የለም።

መልስ 3፦ ለሁለተኛው የተሰጠ እርማት ነው፤ ከሁሉም መልሶች የወደድኩትም እሱን ነው። ስለ እንቁራሪቱ ሁለተኛው ልክ ነው አለ። ወፍራም ሳር ውስጥ ብሬድ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ብሬድ የሳሩን ግንድ እየቆረጠ ይወጣል፣ ፍሎሮ ግን ሳሩ ላይ ይጠመጠማል። ግን ፖቶማክ ሁሉ አንድ ዓይነት ውሃ አይደለም። ሃይድሪላ የሚባለው ሳር ወንዙ ውስጥ የታየው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሳሩ በበዛበት ቦታ ጭቃው ይረጋል፣ ውሃውም ይጠራል። ስለዚህ በበጋ ማታዎማን ክሪክ (ወደ ፖቶማክ የሚገባ ትንሽ ወንዝ) ውስጥ ሳሩ ዳር ቆማችሁ ወደ ታች ብታዩ ውሃው ከዋናው ወንዝ በጣም የጠራ ነው። ሳሩ ውስጥ ከሆናችሁ ብሬድ ብቻ፤ ከሳሩ ጠርዝ ውጭ በቀጭን ነገር ስታጠምዱ ሊደር። በተጨማሪ የውሃውን ሙላትና ጉድለት አትርሱ ብሏል። ወንዙ እስከ ሊትል ፎልስ ድረስ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ የውሃው ጥራትም ከዚያው ጋር ይቀያየራል። ጠዋት የሠራው ከሰዓት ላይሠራ ይችላል።

መልስ 4፦ ከሚኒሶታ የጻፈች እህታችን ናት። እሷ የምታጠምደው ስሞልማውዝ ባስ ነው፣ ሚል ላክስ ሐይቅ ላይ። እዚያ ውሃው የጠራ ነው፤ ዜብራ መስል የሚባሉት ትናንሽ ዛጎል ለባሾች ውሃውን ሲያጣሩት ይውላሉ። እሷ ጋ ሊደር ይኑር አይኑር የሚል ጥያቄ የለም። 10 ፓውንድ ብሬድ፣ 8 ፓውንድ ፍሎሮ፣ ሊደሩም ከእኔ በጣም ይረዝማል። ብሬዷ ደግሞ ደማቅ ቢጫ ነው። ምክንያቷ ግልጽ ነው፦ ዓሣው ትሉን አንስቶ ወደ እሷ ሲዋኝ እጅ ላይ ምንም አይሰማም፣ ክሩ ግን ሲላላ ወይም ወደ ጎን ሲሄድ በዓይኗ ታያለች። ደማቅ ብሬድ ለአጥማጁ ዓይን ነው፣ ሊደሩ ለዓሣው ዓይን። ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። ጥቁር አረንጓዴ ብሬድ ገዝቶ ክሩን ሳያይ የሚውል ብዙ ሰው አለ።

መልስ 5 እና 6 አጭር ናቸው። አንዱ አራተኛዋ በመልሷ ውስጥ የጠቀሰችው ድሮፕሾት የሚባለው አሠራር ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሌላው መለሰለት፦ ክብደቱ ከታች ጫፉ ላይ ይታሰራል፣ መንጠቆው ከእሱ ከፍ ብሎ እዚያው ክር ላይ ይቋጠራል፤ ትሉ ከመሬት ከፍ ብሎ ቦታውን ሳይለቅ ይንቀጠቀጣል።

መልስ 7፦ ጋሼ ናቸው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የእኔንም የሌሎችንም አነጋገር አስተካከሉ። ፍሎሮ አይታይም ማለት ልክ አይደለም አሉ። ብርሃን የሚያጥፍበት መጠን 1.42 ነው፤ የውሃው 1.33፣ የናይለን ደግሞ ከ1.5 በላይ። ለውሃ ይቀርባል፣ ስለዚህ ከናይለን ያነሰ ይታያል። ይህ አይታይም ከማለት ይለያል። ወፍራም ፍሎሮ በጠራ ውሃ በደንብ ይታያል፤ ቀጭን ሞኖ ከወፍራም ፍሎሮ የተሻለ የሚደበቅበት ጊዜም አለ። ከዚያ ስለ ባስ ዓይን ጻፉ። ላርጅማውዝ ባስ ቀለም የሚለይበት ሁለት ዓይነት ሕዋስ ነው ያለው፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለቀይ። እነዚህን ሁለቱን ጥሩ አድርጎ ይለያል፣ ሰማያዊን ግን ከጥቁር ጋር ያምታታዋል። ስለዚህ ሰማያዊ ብሬድ ይሻላል፣ ግራጫ ይሻላል እያሉ መጣላት ለዓሣው ብዙም ትርጉም የለውም። ሌላም ነገር አረሙ፦ ፍሎሮ አይለጠጥም የሚባለው ወሬ ነው። ይለጠጣል፣ ከናይለን ብዙም አይለይም። እዚህ ላይ ሁሉም ዝም አለ፤ ጋሼን የሚሞግት አልተገኘም።

መልስ 8፦ ቁጥሯን ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ነው የመጣችው። ይህ ወንድማችን የሚወደው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ማጥመጃ ነው፣ ያ እየተንከላወሰ የሚሄደው። ለእሱ ረጅም ፍሎሮ ሊደር አይሆንም አለ። ፍሎሮ ስለሚሰምጥ የማጥመጃውን አፍንጫ ወደ ታች ይጎትተዋል፣ አካሄዱም ይበላሻል። ብሬድ ብቻ ካሰራችሁ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ብሬድ ለስላሳ ስለሆነ ማጥመጃው ሲቆም ክሩ ይላላና የፊተኛው ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ላይ ይጠመጠማል። መፍትሔው አጭር የሞኖ ሊደር ነው። ሞኖ ደረቅ ያለ ነው፣ ከመንጠቆው ይርቃል፣ እንደ ፍሎሮም አይሰምጥም። ይህን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ሊደር ይኑር ስል ሁልጊዜ ፍሎሮ ይሁን ማለቴ አይደለም።

ከመልስ 9 እስከ 12 ያለው የቋጠሮ ጦርነት ነው። 9ኛው ኤፍጂ ከሚባለው ቋጠሮ ውጭ የሚያስር ሰው አያጠምድም ያለ ያህል ነው። ኤፍጂ ላይ ፍሎሮው ቀጥ ብሎ ይቆያል፣ ብሬዱ ነው ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ የሚጠመጠምበት። ስለዚህ ቋጠሮው ቀጭን ነው፣ በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ ሳይንኳኳ ያልፋል። ሊደሩ ረጅም ለሆነ ሰው፣ እንደ አራተኛዋ ላለችው ማለት ነው፣ ይህ ወሳኝ ነው። 10ኛው ግን በንፋስ፣ በብርድ፣ ጀልባ እየተንገዋለለ ኤፍጂ እሰር ብለህ ሞክረኝ አለው። እሱ ደብል ዩኒ ነው የሚያስረው። ሁለት ተራ ዩኒ ፊት ለፊት፣ በቃ። ወፈር ይላል እንጂ ይይዛል። ብሬዱ ስለሚያንሸራትት ግን በእሱ በኩል ብዙ ዙር መጠምጠም አለባችሁ፤ በፍሎሮው በኩል ካለው ከፍ አድርጉት። 11ኛው አልቤርቶን አመጣ፤ ከኤፍጂ ይቀላል፣ ከደብል ዩኒ ይቀጥናል።

12ኛ ሆኖ ሁለተኛው ሰውዬ ተመለሰ። ይኸው ሦስት ሰው በአንድ ቋጠሮ መስማማት አቃተው፣ እኔ ያልኩትም ይህንኑ ነው አለ። ለ10ኛው የጻፈውን አልደግመውም። ወንድሜ፣ በቋጠሮ ምክንያት ሰው አይሰደብም።

ሦስቱም ያልጠቀሱትን አንድ ነገር እኔ ልጨምር። የትኛውንም ብታስሩ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ፍሎሮ ደረቁን ሲጠብቅ በፍትጊያው ይሞቃል፣ ሙቀቱም ያዳክመዋል። ቋጠሮዬ ተበጠሰብኝ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። ስትሞክሩት ደግሞ ብሬዱን በባዶ እጅ ጠምጥማችሁ አትሳቡ። ጣት ይቆርጣል፣ ጓንት አድርጉ።

መልስ 13፦ በቁጣ የተጻፈ ነው፤ ቁጣው ግን ልክ ነው። ሄይንስ ፖይንት ላይ የተጣለ ክር አይቶ ነው የጻፈው። ስለ ቋጠሮ ስትጨቃጨቁ የቆረጣችሁትን ቁራጭ የት ጣላችሁት ብሎ ጠየቀን። ፍሎሮም ብሬድም አይበሰብሱም ማለት ይቻላል። ወንዙ ዳር ሳቢሳዎችና ዓሣ አዳኝ ንስሮች አሉ፤ ክር እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ ይሞታሉ። አንዳንድ ቦታ አሮጌ ክር የሚጣልበት ቱቦ ተተክሏል፤ እዚያ የሚሰበሰበው ለዳግም ሥራ የሚሆነው ሞኖ እንጂ ብሬድ አይደለም። ብሬዱን በአጭር በአጭሩ ቆራርጣችሁ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ክተቱት። እኔ ኪሴ ውስጥ ትንሽ ከረጢት እይዛለሁ፣ እናንተም ያዙ። ማንም ሰው እኛ የቆምንበትን ቦታ አይቶ የሐበሾቹ ቦታ ቆሻሻ ነው እንዲል አልፈልግም።

መልስ 14፦ አዲስ ጀማሪ ነው፤ ብሬድ ጠምጥሞ ዓሣ ሲይዝ ሪሉ በባዶ እየዞረ አስቸገረው። ድራጉን (ዓሣው ሲጎትት ሪሉ ክር የሚለቅበትን ማስተካከያ) ቢያጠብቅም ለውጥ የለም። ሁለት ሰው ወዲያው መለሰለት፣ መልስ 15 እና 16። ችግሩ ድራጉ አይደለም። ብሬድ ለስላሳ ስለሆነ መጠምጠሚያው ላይ በሙሉ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ጥቂት ዙር ሞኖ ጠምጥም፣ ብሬዱን እሱ ላይ ቀጥል፤ ወይም መጠምጠሚያው ላይ ፕላስተር ለጥፍ። 16ኛው ጨምሮ፣ ከወረወርክ በኋላ ለመወርወር የከፈትከውን የሪሉን ሽቦ በእጅህ ዝጋው፣ ሪሉን በማዞር አትዝጋው አለው። ከዚያ ክሩን ሳብ አድርገህ አጥብቀህ ጠምጥም። የላላ ብሬድ በሚቀጥለው ውርወራ አንድ ጉንጉን ሆኖ ይወጣል፣ እሱን መፍታት ደግሞ ግማሽ ቀን ይበላል።

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። መልስ 17 ይህን ሁሉ ደክማችሁ የያዛችሁትን ትበሉታላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ባስ ብዙዎቻችን እንለቀዋለን። 18ኛው ግን እሱ የሚፈልገው ስኔክሄድ ነው አለ። ያ ዓሣ በ2002 ክሮፍተን ሜሪላንድ አንድ ኩሬ ውስጥ ተገኝቶ ዜና የሆነው፣ በ2004 ደግሞ ፖቶማክ ውስጥ የታየው ነው። ቅርፊት አለው፣ ሥጋው ነጭ ነው፣ መልሳችሁ እንዳትለቁትም ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ይለምናሉ። 19ኛው ብሉ ካትፊሽስ ሲል፣ 20ኛው የኦሪት ዘሌዋውያንን ክንፍና ቅርፊት አስታወሰው፤ እሱ ቤት አምባዛ አይገባም። ከዚያ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ተነሳ፤ ሁለት ሦስት መልስ እሱው ላይ አለቀ። ያንን ለንስሐ አባቶቻችሁ ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልበል። ከፖቶማክና ከአናኮስቲያ የምትበሉ ከሆነ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እያንዳንዳቸው የትኛው ዓሣ በወር ስንት ጊዜ ቢበላ እንደማይጎዳ የሚገልጽ መመሪያ አላቸው። ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል ዓሣው ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴት ከማብሰላችሁ በፊት አንብቡት።

መልስ 24፦ ከአርባ ምንጭ ነው። ይህ ሲመጣ በጣም ደስ አለኝ። ጫሞ ሐይቅ ላይ ነጭ ዓሣ የሚያጠምዱ እንግዶችን በጀልባ ይወስዳል። እዚያ ባስ የለም፤ ነጭ ዓሣ ግን ከባስ ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓለም ነው፣ ከሰው የሚከብድ አለ። ብሬድ ይዘው የሚመጡ እንግዶች ሁሉ ወፍራም ሊደር ያስራሉ፣ 80 እና 100 ፓውንድ ድረስ። አንዳቸውም ዓሣው እንዳያይ ብለው አይደለም። የነጭ ዓሣ አፍ ሻካራ ነው፣ የጉንጩ ክዳን ጠርዝ ደግሞ ስለታም ነው፤ ቀጭን ክር አይችለውም። ስለ አዞዎቹም ጻፈ፤ ያንን ራሳችሁ አንብቡት። እኔ ከላይ ያልኩትን ይህ ሰው ከዚያ ሐይቅ ላይ ሆኖ አረጋገጠልኝ።

መልስ 25፦ ሁለተኛው ሰውዬ እንደገና መጣ፣ በዚህኛው ቀዝቀዝ ብሎ። ጀልባ ማቆሚያና ድንጋይ ላይ ሊደር ሊሠራ ይችል ይሆናል፣ ሳር ላይ ግን አልቀበልም አለ። ዋጋውንም አነሳ። ሊደር ተብሎ በትንሽ መጠምጠሚያ የሚሸጠው ፍሎሮ በሜትር ሲታሰብ በጣም ውድ ነው። 26ኛው ለሪል ተብሎ የሚሸጠውን ትልቁን ጥቅል ገዝቶ እሱን እየቆረጠ እንደሚጠቀም ነገረው። የሊደሩ ብዙ ጊዜ ደረቅ ያለና ለፍተጋ የሚበረታ ነው፤ ለ8 እና ለ10 ፓውንድ ግን ልዩነቱ እኔን አላስቸገረኝም።

27ኛው የፈቃድ ጥያቄ ነው፣ መልሱም አጭር ነው። ዲሲ ውስጥ ለብቻው የዲሲ ፈቃድ ያስፈልጋል። የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ፈቃድ ዋናው ወንዝ ላይ አንዱ ለሌላው ይሠራል፤ ወደ ሌላው ግዛት ክሪክ ስትገቡ ግን አይሠራም።

መልስ 28፦ የመጨረሻው ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው። ክራንክቤይት (ሲጎተት ወደ ታች የሚጠልቅ የዓሣ ቅርጽ ያለው ማጥመጃ) በብሬድና በሊደር ይሆናል ወይ? ጋሼ ናቸው የመለሱት። ይሆናል፣ ግን እሳቸው አይመርጡትም። የክራንክቤይት መንጠቆዎች ትናንሽና ባለ ሦስት ጥርስ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የዓሣውን ከንፈር ዳር ብቻ ነው የሚይዙት። ብሬድ ስለማይለጠጥ ዓሣው ሲዘልና ራሱን ሲያራግፍ መንጠቆው ከንፈሩን ቀድዶ ይወጣል። እሳቸው ሪሉን በሙሉ 12 ፓውንድ ፍሎሮ ይሞሉታል፤ መለጠጡም ይጠቅማል፣ ክብደቱም ማጥመጃው ጠልቆ እንዲሄድ ይረዳል። ያለኝ ሪል አንድ ነው፣ እሱም ብሬድ ነው የምትሉ ከሆነ ለስለስ ያለ ዘንግ ያዙ፣ ድራጉን አላሉት፣ ሊደሩንም ረዘም አድርጉት ብለዋል። እኔም የማደርገው እንደዚያ ነው።

ከግሬት ፎልስ በላይ በእግር ገብታችሁ ስሞልማውዝ የምታጠምዱ እስካሁን አንዳችሁም አልጻፋችሁም። እዚያ ድንጋዩ ብዙ ነው፣ በበጋ ውሃው ይጠራል። ስንት ፓውንድ ሊደር ነው የምትጠቀሙት?